ገበያው የሰማው ዘፈን

አስተርጓሚዋን ለዚያ ሥራ ያስመረጣት ሁለቱንም ቋንቋዎች አቀላጥፋ መናገሯ ብቻ አልነበረም። ቋንቋ የሚችል ሞልቷል። እሷን የተለየች ያደረጋት፣ ስንትና ስንት ዘመን የትልልቅ ሰዎች ንግግር በጆሮዋ ገብቶ በአፏ ሲወጣ፣ አንዲት ቃል እንኳ ከስብሰባ አዳራሽ ተከትላት ወጥታ አለማወቋ ነው። ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት በየፊናቸው ስለ እሷ አጣሩ። በሁሉ ነገር ሲጣሉ የኖሩት በእሷ ላይ ተስማሙ።

የመንግሥታቱ ጠብ የተነሳው በአንድ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው። የሁለቱም የጦር መርከቦች እዚያ ተፋጠው ቆመዋል። ዳሩ ግን ከመርከቦቹ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሌላ ነገር ነበር። አንደኛዋ አገር ለረጅም ዘመን ለሌላዋ ስታበድር ኖራለች፤ በእጇ ያለው የብድር ሰነድ፣ ነጋዴዎቹ ቦንድ የሚሉት፣ ተራራ አክሏል። አበዳሪዋ ይህን ሁሉ ገበያ አውጥታ ብትሸጠው የሰነዱ ዋጋ ይወድቃል፤ ተበዳሪዋም ከዚያ በኋላ ብድር የምታገኘው በእሳት ዋጋ ይሆናል። ተበዳሪዋ በበኩሏ ሰነዱን አግጄዋለሁ ብትል የአበዳሪዋ የስንት ዘመን ጥሪት ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አንዷ የሌላዋን ጉሮሮ ይዛለች ማለት ነው። ስለዚህ መርከቦቹን እንዳፋጠጡ፣ ጥቂት ሰዎች መርጠው ከማንም ጋር ባልወገነች ትንሽ አገር በምስጢር እንዲነጋገሩ ላኩ። ያቺ አገር የአስተርጓሚዋ አገር ነበረች።

የሚገናኙት ለእድሳት በተዘጋ ሆቴል ነው። መተላለፊያው ሁሉ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ሶፋዎቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ ሁሉም ሽቅብ በእግሩ ይወጣል። ስልኳን መግቢያው ላይ ሣጥን ውስጥ ትጥላለች። ስትተረጉም የጫረቻቸውን ወረቀቶች ደግሞ ከመውጣቷ በፊት ወረቀት መክተፊያው ማሽን ይበላቸዋል። የአበዳሪዋን ቡድን የሚመሩት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተበዳሪዋ መሪ አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ናት፤ ውይይቱ ሲረዝም ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ ነው የምትከራከረው።

አስተርጓሚዋ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር በአባታቸው ቤት ትኖራለች። እናታቸው ምድር ቤት፣ እሷና ወንድሟ ፎቅ ላይ ናቸው። ወንድምየው የተወለደው ጊዜውን ሳይጠብቅ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ «ችኩሌ» ይለዋል። ችኩሌ የሚሠራው በአንድ መካከለኛ ባንክ የግዢና ሽያጭ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ አራት ስክሪን ፊት ተቀምጦ የመንግሥታትን ቦንድ ይገዛል፣ ይሸጣል። የእህቱን ሥራ «ሰው ያለውን መድገም» ይለዋል። የእሱን ሥራ ደግሞ እሷ «ሰው ያላለውን መገመት» ትለዋለች። በዚህ ይቀላለዳሉ እንጂ አይጣሉም። አባታቸው ሲሞቱ ችኩሌ ገና ልጅ ስለነበር ፊቱን አጥባ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ እስካሁንም «እታለም» ነው የሚላት።

ንግግሩ ሊጀመር ሲል በእራት ሰዓት፣ ሥራዋ እስኪያልቅ ስለ ምንም እንዳይጠይቋት ለመነቻቸው። እናቷ ድሮም ጠይቀዋት ገብቷቸው እንደማያውቅ ነገሯት። ችኩሌ ራሱን ነቀነቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቃሉን ጠበቀ። የዜና ሰዎች የሁለቱን መንግሥታት አውሮፕላኖች ከተማዋ ውስጥ አይተዋልና፣ የሆነ ነገር እየተዶለተ መሆኑን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ችኩሌ ባልደረቦቹ እህቱን እንዲጠይቅ ሲጎተጉቱት አንዴም ትንፍሽ አላላትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የከበዱ ነበሩ። አስተርጓሚዋ ፊቷ ጠቁሮ፣ ድምጿ ሰልሎ ትመለሳለች። ምግቡን በሹካ ወዲያ ወዲህ አድርጋ ትነሳለች። አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሰነዘረውን ስድብ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ስትለው ነው የምትውለው። በዚያው ሰሞን የተበዳሪዋ ቦንድ ዋጋ በየቀኑ ይንሸራተታል፤ አበዳሪዋ መሸጥ ልትጀምር ነው የሚል ወሬ ነፍሷል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፍተው፣ መንግሥታቸው ለጊዜው አንድም ሰነድ እንደማይሸጥ ተናገሩ። ሴትዮዋም ቆም ብላ አስባ፣ የእሷ መንግሥት የአበዳሪዋን ንብረት እንደማይነካ፣ መርከቦቹም ወደ ኋላ እንደሚሉ ቃል ገባች። ፊርማ አልነበረም። ሽማግሌው አገራቸው ገብተው ነገሩ ሽንፈት እንዳልሆነ አለቆቻቸውን አስረድተው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊያስታውቁ ተስማሙ። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር።

አስተርጓሚዋ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ እራቷን ጠርጋ በላች። ለእናቷም የሰፈሩን ወሬ ስታጫውታቸው አመሸች። ከዚያ ሳህን ልታጥብ ቆመች፤ ውሃው እየወረደ፣ አረፋው እስከ ክንዷ ደርሶ፣ ሳታውቀው መዝፈን ጀመረች። የልጆች ዘፈን ነው፣ ስለ ዝናብ። ችኩሌ ከጎኗ ቆሞ ሳህኖቹን ይወለውላል። አላቋረጣትም። አንዱን ሳህን ደርቆ ካለቀ በኋላም ሲወለውለው ቆየ።

በማግስቱ ሌሎቹ ትልልቅ ገበያዎች ገና ሳይከፈቱ፣ ገዢም ሻጭም ሳሳ ባለበት ሰዓት፣ የችኩሌ ባንክ የተበዳሪዋን ቦንድ መግዛት ጀመረ። ትንሽ አይደለም፤ ባንኩ ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀውን ያህል። በሌላው ዓለም ያሉ ነጋዴዎች ይህን አዩ። ገዢው ባንክ ያለው ንግግሩ የሚካሄድበት ከተማ ነው፤ የሆነ ነገር ሰምቶ ካልሆነ ምን አንቀዠቀዠው? ተከተሉት። እኩለ ቀን ሳይሞላ ዋጋው ተተኮሰ። ማታ ላይ የተበዳሪዋ ጋዜጦች፣ አበዳሪዋ እጅ ሰጠች ብለው በትልቁ ጻፉ።

አስተርጓሚዋ በነጋታው ሆቴሉ ስትደርስ ሽማግሌው ሻንጣቸውን እያስጫኑ ነበር። አለቆቻቸው ተቆጥተዋል፤ ተበዳሪዋ ምስጢሩን ያወጣችው በዓለም ፊት እኛን ለማንበርከክ፣ በዚያውም ዋጋዋን ለማስወደድ ነው ብለው ደምድመዋል። ሴትዮዋ ደግሞ ከአገሯ ሌላ ነገር ተነግሯታል፦ የአበዳሪዋ ሰዎች ነገሩን ቀድመው ስለሚያውቁ በሰው እጅ በርካሽ ገዝተው በውድ ሊሸጡ ነው። ሁለቱም ዋጋውን አይተው የሌላውን ልብ ያነበቡ መሰላቸው። አበዳሪዋ አለመንበርከኳን ለማሳየት ያን ቀን በአደባባይ ከሰነዱ የተወሰነውን ሸጠች። ተበዳሪዋ ወዲያው የአንድ የአበዳሪዋን ባንክ ሒሳብ አገደች። በባሕሩ መተላለፊያ ተጨማሪ መርከቦች መጡ።

በንግግሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ተጠየቁ፤ አስተርጓሚዋም ተጠየቀች። ለማንም አለመናገሯን ዓይን ዓይናቸውን እያየች መለሰች። እውነቷን ነው። አመኗት።

ቤት ስትገባ እናቷ ደስ ብሏቸው ጠበቋት። ችኩሌ በሥራው ተመስግኗል፤ የባንኩ ኃላፊ ሰው ሁሉ እያየው አቅፎታል አሉ፤ የሆነ ነገር ገዝቶ ባንኩን በአንድ ቀን አክብሮታል። አስተርጓሚዋ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መቼ እንደገዛ ጠየቀች። እናቷ ትናንት ማለዳ አሏት። ተነስታ ወደ ፎቅ ወጣች።

ችኩሌ ፎቅ ላይ ሸሚዙን ሲቀይር አገኘችው። በሩን ዘጋችው።

«ምን ሰምተህ ነው የገዛኸው?» አለችው።

ወዲያው ገባው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ምንም አልሰማሁም፤ ስትዘፍኚ ሰማሁ።»

ኮቷን እንደለበሰች በሩን ተደግፋ ቆመች።

«አልጠየቅሁሽም እኮ፣ እታለም። አንድ ቀን ጠይቄሻለሁ?»

«አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ እጠነቀቅ ነበር።»

ችኩሌ አንገቱን ደፋ። ያን ሌሊት ተኝቶ እንዳላደረ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የአንዱን ሚኒስትር አረማመድ፣ የሌላውን የክራቫት ቀለም ዓይተው የሚገዙ እንዳሉ ሊያስረዳት ሞከረ። ሰማችው። ከዚያ ሆቴሉ ውስጥ የሆነውን ነገረችው፤ ሻንጣውን፣ የታገደውን ባንክ፣ የተጨመሩትን መርከቦች። እየነገረችው ፊቱ አመድ እየመሰለ መጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዋጋው ሲወጣ ነው ያየው፤ ከዋጋው ጀርባ ማን እየሰማ እንዳለ አላሰበም።

«ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለችው።

«ብትነግሪያቸው እኔ አለቀልኝ።»

«አውቃለሁ።»

ከምድር ቤት እናታቸው ምን ሆናችሁ ብለው ተጣሩ። ሁለቱም እኩል «ምንም የለም፣ እማዬ» አሉ።

ሲነጋ አስተርጓሚዋ በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል ችኩሌ ኮቱን ለብሶ ደረጃው ሥር ቆሟል። ክራቫት አላሰረም። ብቻዋን እንደማትሄድ ነገራት። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ መኪና ሊገጨው ሲል ብቻ እንደ ልጅነቱ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው።

ሽማግሌው የሚሄዱበት አውሮፕላን ገና አልተነሳም ነበር፤ ሴትዮዋም አለች። ሁለቱ በአንድ ክፍል እንዲቀመጡ ያሳመነቻቸው በመከራ ነው። አስተርጓሚ ስትተረጉም «እኔ» የምትለው ተናጋሪውን ሆና ነው፤ ስንት ዘመን «እኔ» ስትል የኖረችው ሌላ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን «እኔ» ስትል እሷው ራሷ ናት። መጀመሪያ በሽማግሌው ቋንቋ ተናገረች፤ ከዚያ ራሷን ለሴትዮዋ ተረጎመች። ሳህኑን፣ ዘፈኑን፣ ወንድሟን፣ አንድ ሳታስቀር። ችኩሌ ቀጥሎ በስንት ሰዓት ምን ያህል እንደገዛ፣ ማንም እንዳላዘዘው፣ ማንም ከሁለቱ ወገን እንዳልነገረው አስረዳ። ሴትዮዋ ጫማዋን እንዳደረገች ነበር፤ ጥያቄዎቿ አጫጭርና ስለታም ነበሩ። ወደ ባንኩ አስደውላ የተናገረውን አስጣራች። ልክ ሆኖ ተገኘ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ዘፈኑ የቱ እንደነበር ጠየቁ።

«የልጆች ነው። ስለ ዝናብ» አለች አስተርጓሚዋ፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ለሚኒስትሬ የዝናብ ዘፈን ይዤለት ልሄድ አልችልም» አሉ ሽማግሌው። «መርከብ ያስጨመረው ነገር ይህን ያህል ትንሽ ነው ብል ማንም አያምነኝም፤ ቢያምነኝም ያፍራል። ነገር ግን አንድ ባንክ በራሱ ግምት ገዛ፣ እነዚህ ሰዎች አልከዱንም ማለት እችላለሁ።»

አስተርጓሚዋ ይህን ለሴትዮዋ ተረጎመች። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። እሷም ለአገሯ የምትለው ይህንኑ እንደሆነ ተናገረች።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልተስተካከለም። አበዳሪዋ ልትሸጥ ያዘጋጀችውን ቀሪ ሰነድ መልሳ አስቀመጠች። የታገደው ሒሳብ ግን ለብዙ ወራት እንደታገደ ቆየ፤ መርከቦቹም ክረምቱን እዚያው ተፋጠው አሳለፉ። ንግግሩ በሌላ አገር፣ በሌላ አስተርጓሚ ቀጠለ። በመጨረሻ የተፈረመው ስምምነት በዚያ ቀለም በሚሸት ሆቴል ከታሰበው የሳሳ ነበር።

የችኩሌ ባንክ በሦስተኛው ቀን አባረረው። ሰው ሁሉ እያየው ያቀፈው ኃላፊ፣ ልጁን በቅጡ እንደማያውቀው ተናገረ። የንግድ ፈቃዱም ተነጠቀ። አስተርጓሚዋን ማንም አልወነጀላት፤ ጥፋት እንዳልተገኘባት የሚገልጽ ጥሩ ቃል ተነገራት፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኳ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልጮኸም። ሆስፒታል ተቀጠረች፤ ከውጭ ለሚመጡ ሕመምተኞች ሐኪሙ የሚለውን ትተረጉማለች። የመጀመሪያ ሰሞን ቅር ብሏት ነበር። እያደር ግን፣ አንዲት በሽተኛ የት እንደሚያማት ስትናገር ከዚያ በስተጀርባ የተደበቀ ሌላ ነገር አለመኖሩ አሳረፋት። ችኩሌ በከተማው ውሃ ሥራ ድርጅት የቧንቧና የፓምፕ ገዢ ሆኖ ተቀጠረ።

ወንድምና እህት ለረጅም ጊዜ አኮረፉ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ጨው ሲፈልጉ «እማዬ፣ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይላሉ። እናትየው ለጥቂት ሳምንታት ታገሡ። አንድ ቀን ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ፣ ወይስ እኔ?» አሏት። ችኩሌ ውሃ እየጠጣ ስለነበር ትን አለው። እህቱ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። ከዚያ በኋላ ጨው በቀጥታ ይጠያየቁ ጀመር፤ ሌላው ነገር ቀስ በቀስ ተከተለ።

ስምምነቱ በተፈረመ በዓመቱ ግድም ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው፣ በግል ጉዳያቸው ያቺን ከተማ ሲያልፉ አስተርጓሚዋ ዘንድ ደወሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኝተው በእግራቸው ትንሽ ሄዱ። ወንድሟን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሯት። እሷም ሳታቅማማ ለእራት ቤቷ ይዛቸው ገባች።

ችኩሌ መጀመሪያ የሚገባበት ጠፋው። እንግዳው ግን ስለ ቧንቧ ጠየቁት። ሥራው ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን የቧንቧ ዋጋ ዓመት ከዓመት እዚያው ስለሆነ እንቅልፍ እንደሚያስይዘው ነገራቸው። ሳቁ። እህቱ በመካከላቸው ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ትተረጉማለች። በኋላ ችኩሌ ድፍረት አገኘና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲከነክነው የኖረውን ጠየቀ።

«እውነት ግን፣ ሁሉንም ትሸጡት ነበር?»

ሽማግሌው ሲመልሱ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግማሹን ብንሸጥ በእጃችን የቀረው ግማሽ ዋጋው ይወድቃል። እነሱም ቢያግዱብን ከዚያ ወዲያ ማንም አያበድራቸውም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ችግሩ ገበያው አንድ ቀን ይሸጣሉ ይላል፣ ሌላ ቀን አይሸጡም ይላል። የእኔ ሚኒስትር ጠዋት ተነስቶ ዋጋውን ያይና የእነሱን ሐሳብ ያወቀ ይመስለዋል። የእነሱም እንደዚያው። ያየው ግን የእነሱን ሐሳብ አልነበረም፤ የአንተን ነበር።»

አስተርጓሚዋ ይህን ስትተረጉም የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምጿ ትንሽ ዝቅ አለ። ችኩሌ ለእንግዳው ውሃ ቀዳላቸው።

እናትየው እስካሁን ዝም ብለው የሰውየውን ሳህን ነበር የሚያዩት። ስለ ገበያ የሚባለው ያው እንደ ድሮው አልገባቸውም። ልጃቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው፣ ይህ ሰው ምንም አልበላም፣ እዚያ አገሩ የሚያበላው የለም ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አሏት። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን እንደሚበሉ ነገሯቸው። እናትየው ከንፈራቸውን መጠጡና ሳህኑን ሞልተው መለሱላቸው። እንግዳው አንድም ሳያስቀሩ በሉ።

ሲወጡ ካፊያ ጀምሮ ነበር። እናትየው እየተጣደፉ የባለቤታቸውን አሮጌ ጃንጥላ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጥተው ሰጧቸው። ሽማግሌው እንዴት እንደሚመልሱት ሲጠይቁ፣ ሌላ ቀን ይዘውት ይምጡ፣ ካልመጡም ይገለገሉበት አሏቸው። አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ሰውየው ጃንጥላውን ለመክፈት ተቸገሩ፤ አንዱ ዘንጉ ድሮም ታጥፏል። ችኩሌ ወርዶ ከፈተላቸውና እስከ ታክሲው ድረስ አብሯቸው ሄደ። እናትና ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩዋቸው፤ የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ቀስ ብለው፣ ኩሬዎቹን እየዘለሉ።